የዘንድሮው ሰንጋ

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶቻችን፣ ጥምቀትን ምክንያት አድርጋችሁ ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን የመጣችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን አደረሳችሁ!

ስትገቡ ዓይናችሁ ሰንጋ ሲፈልግ አይቻለሁ። አልተገዛም። ሥራ አስፈጻሚው ዘንድሮ በሽሮና በቆሎ እንድንሰበሰብ ወስኗል። (ጠላው አልቀረም፤ ጠላ ከቀረ ማን ይመጣል ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ።)

የሰንጋው ብር መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ የገጠር ልጆች ይውላል። ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙዎቻችንም እንደ እነሱ ነበርን። ዓርብ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። በልጉ የቀረ፣ ገብሱንም ውርጭ የመታው እንደሆነ ስንቁ ያንሳል፤ ቀጥሎ ኪራዩ ይቋረጣል፤ ከዚያ ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ እረኛ ይሆናል።

ከራስ ቀንሶ ለሌላው መስጠት አዲስ ትምህርት አይደለም። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የምንጾም ሕዝብ ነን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ስለ ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስን ነው የጠየቀ። እኛ ግን የጾሙን ትራፊ ለፋሲካው በግ እናጠራቅመዋለን። የመንዙን የሣር ምድር፣ ጓሳንም አስቡት። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ቀሮ በሚባለው የአገሬው የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ ይቆይ ነበር። የቤት ክዳንም ገመድም የሚፈልግ ገበሬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማጭዱን ይዞ አልገባም፤ ሣሩ ለሁሉም እንዲበቃ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተዝካር ነው። የእርሻ በሬውን ሸጦ አገር ያበላ ሰው በክረምቱ መቀናጆ ፍለጋ ደጅ ሲጠና አይተናል። ከበላነው መካከል በሬውን ያዋሰው ስንቱ ነው? እኛ የከተማዎቹ ደግሞ ብሰናል፤ ለሠርግ ድንኳንና ለቪዲዮ እንበደራለን። ሙታን አይዘከሩ፣ ሙሽራ አይዳር አላልኩም። ጸሎቱ ይድረስ፣ ነዳያን ይብሉ፣ ዘመድ ይምጣ። የምለው ለይሉኝታ የሚታረደውን ነው።

ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ ይህ ነው፦ ዘንድሮ ድግስ ያለበት አባል ከድግሱ ቀንሶ ለተማሪዎቹ ይስጥ። ስንት እንደሚቀንስ ባለ ድግሱ ያውቃል፤ እኛ መጠን አንቆርጥም፣ ስሙንም በጉባኤ አንጠራም። ወይዘሮ ሒሳብ ሹም ሪፖርቱን ከማንበባቸው በፊት በዚህ ላይ ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ።