ይባርክህ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንድ ጓደኛዬ እናቱን ሲያስታምም ደወለልኝ። «አይዞህ፣ እጸልይላታለሁ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለ። «ስለጸለይክልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እሱን እያሰብኩ ነበር የምጽናናው» አለኝ።

አንድም ቀን አልጸለይኩም ነበር። ረስቼዋለሁ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ «እጸልይልሃለሁ» ማለት ትቻለሁ። «አሁን እንጸልይ?» ነው የምለው። ስልክ ላይም ብንሆን፣ መንገድ ላይም ብንቆም። ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

በዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ካህናቱ ሕዝቡን የሚባርኩበት ቃል አለ። «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም» ብሎ ይጀምራል። ልብ በሉ፣ የሚባረከው ብዙ ሕዝብ ነው። ቃሉ ግን «ይባርካችሁ» አይልም፤ «ይባርክህ» ይላል። በዕብራይስጡም እንደዚሁ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የቆመ አንድ ሰው፣ ለእኔ ነው ብሎ ይሰማዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ኬቴፍ ሂኖም በሚባል ቦታ፣ ከአንድ የመቃብር ዋሻ ሁለት ትናንሽ የብር ጥቅልሎች ተገኙ። 2,600 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። በጥንቃቄ ሲዘረጉ ይኸው ቡራኬ ተቀርጾባቸው ተገኘ። አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔን የሚገርመኝ የብሩ ዋጋ አይደለም። አንድ ሰው «ይጠብቅህ» የሚለውን ቃል ከሰውነቱ እንዳይለይ ፈልጎ ነበር። ዛሬ አጠገባችን ያለውም ሰው ያንኑ ይፈልጋል።

ግን ጸልየን ነገሩ ባይለወጥስ? ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሉቃስ 22 ጌታ ጴጥሮስን «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» አለው። የጸለየለት ራሱ ጌታ ነው። ጴጥሮስ ግን በዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደው። ታዲያ ጸሎቱ ባከነ? የሚቀጥለውን ስሙ፦ «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» ይላል። ቢመለስ አላለውም፤ በተመለስህ ጊዜ ነው ያለው። ገና ሳይወድቅ መመለሱን ነገረው። እኔ ተስፋ የምለው ይህንን ነው። ስለዚህ ለታመመ ሰው «ነገ ትድናለህ» ብለን ያልተሰጠንን ቃል አንስጥ። «እግዚአብሔር አልተወህም፣ እኔም አለሁ» ማለት ግን እንችላለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ያሳስበኛል። ሰው አምኖ የነገረንን ምስጢር «የጸሎት ርዕስ ነው» እያልን ለሌላ አናውራ። ስንቱ ሰው በዚህ ቆስሎ ከጸሎት ቤት ቀርቷል! የሰማነውን ወደ እግዚአብሔር ብቻ እንውሰደው።

አሁን ንግግሬን ላቁምና አንድ ነገር ልለምናችሁ። አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉ። ስሙን ካላወቃችሁ ጠይቁት። ምን እንደከበደው ሊነግራችሁ ከፈለገ ስሙት፤ ካልፈለገ አታስጨንቁት። ከዚያ በስሙ ጠርታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ይህን በሉት፦

«እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም። እግዚአብሔር ፊቱን ያብራልህ፥ ይራራልህም። እግዚአብሔር ፊቱን ወደ አንተ ያንሣ፥ ሰላምንም ይስጥህ።»

እኅታችንም ከሆነች «ይባርክሽ» በሏት። ጊዜ አለን፣ አትቸኩሉ።