«ማወቅ ይገባህ ነበር»፦ የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ ወጥመድና መከላከያው

[ምስል፦ የፌስቡክ ገጽ። የተከታዮች ቁጥር 5,001 ላይ ይቆማል።]

ተራኪ፦ ይህ ቁጥር ቅጣት ይለውጣል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ግን እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን የካቲት 5 ቀን 2012 ሲያጸድቅ 23 አባላት ተቃውመዋል። ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይጥሳል የሚለው ስጋታቸው ተገቢ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት በአመለካከቱ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ እንደማይገባ ይደነግጋል።

[ምስል፦ ሦስት ሳጥኖች፤ መካከለኛው ይቀላል።]

ዐቃቤ ሕግ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ መረጃው ሐሰት መሆኑን፣ ተናጋሪው ይህን ማወቁን ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበር፣ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን። ወጥመዱ «ማወቅ ይገባው ነበር» የሚለው ነው። ሆን ብሎ የዋሸውንና የተሳሳተውን በአንድ ገመድ ያስራል። ግጭት ባለበት ወረዳ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ የመንግሥት ቢሮ ስልክ አላነሣ ብሎ ጋዜጠኛው ከሸሹ ሰዎች የሰማውን ይዘግባል እንበል። የሟቾቹ ቁጥር በኋላ ቢለይ፣ «ማወቅ ነበረብህ» የሚለው መረጃውን ይዞ የተቀመጠው አካል ራሱ ነው። ይህ ሐረግ ከአዋጁ መውጣት አለበት።

ዑጋንዳ መንገዱን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሐሰተኛ ዜና ማተምን ወንጀል ያደርግ የነበረውን የወንጀል ሕጓን አንቀጽ 50 ሽሮታል። ንግግር ሐሰት ስለተባለ ብቻ ከሕገ መንግሥት ጥበቃ አይወጣም ነው ያለው።

እስከዚያው መከላከያችሁ የአዋጁ አንቀጽ 6 ነው። እውነቱን ለማጣራት በሁኔታው ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው አይጠየቅም፤ ይበልጥ ወደ ፖለቲካ ትችት ያዘነበለ ንግግርም እንዲሁ። ጥረቱ ግን በማስረጃ መታየት አለበት። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ማንን፣ በስንት ሰዓት እንደጠየቃችሁ መዝግቡ። ያልተነሣ ጥሪ እንኳ ማስረጃ ነውና ስክሪንሾት አንሡ፤ ቅጂውንም ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ፤ ስልክ መጀመሪያ የሚወሰድ ዕቃ ነው። ዜናና አስተያየት በአንድ ልጥፍ አትቀላቅሉ። ስትሳሳቱ ልጥፉን በዝምታ ከማጥፋት ይልቅ እርማቱን ከነሰዓቱ እዚያው ጻፉ፤ ማጥፋት ማስረጃ እንደመደበቅ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

[ምስል፦ ሰዓት፤ 48።]

ከተያዛችሁ፣ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ወንጀሉ በመገናኛ ብዙኃን ተፈጸመ ከተባለ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አንቀጽ 86 ተጠርጣሪውን ለተጨማሪ ምርመራ በእስር ማቆየትን ይከለክላል። ጠበቃችሁ ይህን አንቀጽ በመጀመሪያው ችሎት፣ ፖሊስ 14 የምርመራ ቀን ከመጠየቁ በፊት ያንሣው።