ከአዲሱ ቀለም ሥር ያለው ዓይን
በባሕር ዳር፣ በሠዓሊዎችና ቀራጺዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ ክቡራን እንግዶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከዘጌ ሌሊት ተነስታችሁ በጀልባ ለመጣችሁ ምስጋናዬ የተለየ ነው። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ቡናውን ላፈሉልን እህቶቻችንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዓመቱን ሥራ ቶሎ ልበለው። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ አለ። ለታዳጊዎች የክረምት የሥዕል ትምህርት ሰጥተናል። አንድ ዐውደ ርእይ አሳይተናል። ቀራጺዎቻችን የጋራ መሥሪያ ቦታ አግኝተዋል። ጣራው ያፈሳል፤ ቢሆንም ዋንዛውን ተክለው በመሮ የሚጠርቡበት የራሳቸው ቦታ ነው። በዚህ እኮራለሁ። መዋጮ የከፈለው ግን ከግማሽ በታች ነው። ዝርዝሩን ሒሳብ ሹማችን ይነግሯችኋል።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልግባ።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአባሎቻችን ሁለቱ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያረጀ ሥዕል እንዲያድሱ ተጠየቁ። የቦታውንም የልጆቹንም ስም አልጠራም። ሥዕሉ የጧፍና የዕጣን ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ምእመናን ደማቅ ይሁንልን አሉ። ልጆቹም በዘይት ቀለም ከላይ ሸፈኑት።

ይህ ነገር ለሁለት ከፈለን። «ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አይደለም፣ ሕዝብ የሚሳለምበት ነው» ያላችሁ አላችሁ። «ቅርስ አጠፋችሁ» ያላችሁም አላችሁ። በመጋቢቱ ስብሰባ ክፉ ቃል ተነጋገርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ልጆች ደጃችንን አልረገጡም። እነሱን ተከትለው የቀሩም አሉ። ያ የኋላው ረድፍ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

ሰኔ ላይ ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ከአንዱ መልአክ ክንፍ በታች አዲሱ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰንጥቆ ተነስቷል። ጣቴን አላስነካሁም፤ በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ አየሁት። ከሥሩ ዓይን አለ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ወደ ጎን የሚያይ ዓይን። የቀድሞው መልአክ ዓይን ነው። ቅንድቡ በአንድ ትንፋሽ የተሰመረ ነው፤ እጅ አልተንቀጠቀጠም፣ አልተደገመም። እኔ ይሄን ያህል ዓመት ሥዬ እንዲህ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም። ብዙ ቆምኩ። ቄሱ «ምነው፣ አመመዎት?» አሉኝ።

ለምን እንደተላጠ ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። የጥንቱ ግድግዳችን ጭቃና ጭድ ነው። በላዩ ጨርቅ ይለጠፍና በዚያ ላይ ይሣላል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ይተፋል። የዘይት ቀለም ስንቀባው አፉን እንዘጋዋለን። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ይገፋዋል። አዲሱ ሲረግፍ አሮጌውንም ይዞት ይወርዳል። ሁለቱንም እናጣለን ማለት ነው።

በጣና ደሴት፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አስቡ። ሴት አባሎቻችን ደሴቱ ስለማይፈቀድላቸው በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቋት። ፍሬ ጽዮን የሣላት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው፤ ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። የሠዓሊው ስም ከሥዕሉ ጋር ተጽፏል። ይሄ ብርቅ ነው፤ የአብዛኞቹ አባቶቻችን ስም የለም። በመሃል አንድ ሰው «ደብዝዛለች» ብሎ ከላይ ቢቀባት ኖሮ ያ ስም ዛሬ ከየት ይገኝ ነበር?

ቀራጺዎችም «እኛ እዚህ አገር ሥር የለንም» ስትሉ እሰማለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሐውልት አይቆምም፣ እውነት ነው። ግን እዚሁ ጣና ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። መግቢያው ላይ ደግሞ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ተቀርጿል፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል። እንጨት ጠራቢው ያየውን እንግዳ ሰው እዚያው ቀርጾ አስቀርቶታል። ታዲያ ይሄ ሥር ካልሆነ ምንድን ነው?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ22 ዓመቴ፣ የኔታ እጄን ይዘው ያስተማሩኝን ረስቼ፣ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አሮጌውን ፍቄ አዲስ ሥያለሁ። ተመስግኜበታለሁ፣ ተከፍሎኛል። ምን እንደነበረ ላስታውስ ስሞክር አንድ ነጭ ፈረስ ብቻ ይመጣልኛል። ከዚያ ሌላ ምንም። ፎቶ እንኳ አላነሳሁም።

ስለዚህ ዛሬ እንድትወስኑ የምጠይቀው ይሄ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መጠገን አይፈቅድም። አባሎቻችን ይሄን ያክብሩ። ምእመናን ደማቅ ሥዕል ከፈለጉ በሸራ እንሥራላቸውና ለብቻው ይሰቀል። አሮጌው ባለበት ይቆይ። «ሥራውን እምቢ ካልኩ ልጆቼን ምን ላብላ?» ላላችሁኝ መልስ አለኝ፤ እሱም መዋጮው ነው። ሥራ የተወ አባል ሌላ እስኪያገኝ የምንደግፍበት ትንሽ ሣጥን ይኑረን። ስም ያወጣችሁ፣ ሥራችሁ በደህና ዋጋ የሚሸጥላችሁ፣ ዐውደ ርእይ ሲከፈት ብቻ የምትመጡ ወንድሞቼ፣ ዛሬም አላየኋችሁም። ይሄ ንግግር በስልክ ይደርሳችኋል። ከሌላው ይልቅ ይህ ሣጥን የሚጠብቀው የእናንተን መዋጮ ነው።

ለሁለቱ ልጆች ደግሞ። በመጋቢቱ ስብሰባ ክፉ ከተናገሩት አንዱ እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ አጣኋችሁ። እጃችሁ ጎበዝ ነው፤ የተናደድኩትም ለዚህ ነው። ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ እንሄዳለን። ሥዕሎቹን አብረን ቀስ ብለን እናያለን። ሁለት ቦታ ይዤላችኋለሁ።