ሁለቱ ሊዎች

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ታገሡኝ። እና ደግሞ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ልጅ እያለሁ ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስሜ «ሊ» ነበር። ኳስ ላይ ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም። አብዶ አልሠራም፣ ጎል አላገባም። ግን እሮጣለሁ። ኳስ የያዘ ሰው ካየሁ እስኪሰለቸው ድረስ ነው የምከተለው። ያኔ የእንግሊዝን ኳስ የምናየው ዲኤስቲቪ ቤት ከፍለን ነበር፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን። አንድ ቀን ኤቨርተን ሲጫወት ከትልልቆቹ ልጆች አንዱ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ያ ቻይና አንተን አይመስልም? ዝም ብሎ እኮ ነው የሚሮጠው» አለ። ቤቱ ሳቀ። አለቀ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊ ሆኜ ቀረሁ።

ሰውየው ሊ ቲዬ ነው። ቲዬ በቻይንኛ ብረት ማለት ነው። የተወለደው በ1977 ሼንያንግ ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ የፋብሪካ ከተማ። በ1993 ጂያንሊባኦ የሚባል የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ገንዘብ አወጣና ታዳጊዎች ኳስ ይማሩ ተብሎ ብራዚል ተላኩ። ሊ ከነሱ አንዱ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ከእናት ከአባቱ የዓለም ግማሽ ያህል ርቆ። ብራዚል ሄዶ ደግሞ አብዶ ሳይሆን ሩጫ ይዞ መመለሱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ከዚያ ላዮኒንግ የሚባል የአገሩ ክለብ ገባ። በ1999 ላዮኒንግ ገና ከታችኛው ሊግ መውጣቱ ነበር፣ ግን ዋንጫውን ሊወስድ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻው ቀን ከቤጂንግ ጉዋን ጋር አቻ ወጣና ሻንዶንግ ወሰደው።

ኦክቶበር 7፣ 2001 ቻይና ኦማንን 1 ለ 0 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ጨዋታው የተካሄደው ሼንያንግ ውስጥ ነው፣ ዉሊሄ ስታዲየም፣ እዚያው እሱ በተወለደበት ከተማ። ሲያስቡት ራሱ ደስ ይላል። ስታዲየሙን በ2007 በፈንጂ አፈረሱት። ያንን የሚያህል ትዝታ ያለበት ቦታ እንዴት ይፈርሳል አትበሉኝ፣ እኛም አገር ስንቱ ፈርሷል።

በ2002 ዓለም ዋንጫው ላይ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። ዘጠኝ ጎል ገባባቸው፣ አንድም አላገቡም። ከብራዚል ጋር የተደረገውን በቅርቡ ዩቲዩብ ላይ እንደገና አየሁት። ሮቤርቶ ካርሎስ በቅጣት ምት፣ ከዚያ ሪቫልዶ፣ ከዚያ ሮናልዲንሆ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያ ሮናልዶ። አራት ለባዶ። ቻይኖቹ አንድ ጊዜ ኳሷን ቋሚ ብረት መትተው ነበር፣ ዣኦ ጁንዤ ነው የመታት። ያቺን ኳስ ሦስቴ መልሼ አየኋት። እንዳትስቁ፣ በሦስተኛው ላይ ትገባለች ብዬ ነበር። ሊ ደግሞ መሃል ላይ ነው። አንዱን ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ማን ነው ይዞ የሚጨርስ? ያኔ ሲያስተምረው የነበረው አገር እኮ ነው የሚገርፈው።

በዚያው ክረምት ኤቨርተን ሄደ። ነገሩ የማልያ ስፖንሰር ነው። ኬጂያን የሚባል የቻይና የሞባይል ኩባንያ ኤቨርተንን ስፖንሰር አደረገ፣ ሁለት ቻይናውያን ተጫዋቾችም አብረው መጡ። የኤቨርተን ማልያ ደረት ላይ የቻይና ፊደል ሁሉ ነበር። ለገበያ ነው የመጣው ተባለ። ይባላ! የኤቨርተኑ ዴቪድ ሞይስ ግን ሰው እንዲደሰት ብሎ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ሊግ ላይ 29 ጨዋታ ተጫወተ። ያ ዓመት የአሥራ ስድስት ዓመቱ ሩኒ የወጣበት ዓመት ነው፣ ኤቨርተን ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። አብሮት የመጣው ሊ ዌይፌንግ ብዙም ሳይጫወት ተመለሰ። ሊ ቲዬ ቀረ፣ ኤቨርተንም ገዛው። ጃንዋሪ 1፣ 2003 ኤቨርተን ከማንችስተር ሲቲ ሲጫወት፣ ሲቲ ውስጥ ደግሞ ሱን ጂሃይ አለ፣ ቻይና ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ተጽፏል። ሁለት ለሁለት አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። በ2004 እግሩ ተሰበረ። እንደ ድሮው አልሆነም። ሸፊልድ ዩናይትድ ሄደና በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፣ እሱም የሊግ ካፕ። አገሩ ተመልሶ ጥቂት ዓመት ከተጫወተ በኋላ አቆመ። ለብሔራዊ ቡድን 92 ጊዜ ተሰልፏል።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ይህን ክፍል አልቀዳውም ነበር።

አሰልጣኝ ሆነ። መጀመሪያ ጓንግዡ ውስጥ የማርቼሎ ሊፒ ረዳት፣ በ2013 የእስያ ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ ሄቤይ፣ ከዚያ ዉሃን፣ ዉሃንን በ2018 ወደ ሱፐር ሊግ፣ ወደ ቻይና ከፍተኛው ሊግ፣ አሳደገው። በ2020 መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ። በ2021 መጨረሻ ለቀቀ። የተካው ሊ ሺያኦፔንግ ከብራዚል ጋር ሲጫወቱ አብሮት አማካይ የነበረው ሰው ነው። በኅዳር 2022 ሊ ቲዬ ምርመራ ላይ ነው ተባለ።

በጃንዋሪ 2024 የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ስለ ሙስና ዘጋቢ ፊልም አሳየ። ኳሱም አለበት። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የነበረው ቼን ሹዩዋን ሥልጣን ሊረከብ ሲል በዋዜማው ሁለት የክልል ፌዴሬሽን ኃላፊዎች እያንዳንዳቸው 300 ሺህ ዩዋን ጥሬ ገንዘብ ይዘው እንደመጡለት ይናገራል። በዋዜማው! እንኳን ደስ አለህ ነው መሰለኝ። እሱ ኋላ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ቀጥሎ ሊ ቲዬ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። አላወቅኩትም ማለት እችላለሁ። የብሔራዊ ቡድኑን ቦታ ለማግኘት 3 ሚሊዮን ዩዋን ጉቦ እንደወጣ ተናገረ። ክለብ ሲያሠለጥንም ውጤት ለማምጣት ጨዋታ ይገዛ ነበር። እንዲያ ማሸነፍ ይበልጥ እንዳስቸኮለው፣ ኋላ ልማድ ሆኖበት ያለ እሱ መሥራት እስኪያቅተው ድረስ እንደሄደ ነገረን። ያኔ ሁሉም የሚያደርገው ነበር የምትል ነገርም ጣል አደረገ።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ገንዘቡ አይደለም፣ ጉቦ የትም አለ፣ እኛ እንማረርበታለን እንጂ አንገረምበትም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው አቋራጭ የማያውቅ ተጫዋች ነበር። ሥራው በሙሉ ረጅሙን መንገድ መሮጥ ነው፣ ሌላው ያበላሸውን መሸፈን ነው። ችሎታ የሌለው ልጅ ያየውና «ለኔም ቦታ አለ» የሚለው እሱን ነው። እኔ ብያለሁ። ማሠልጠን ሲጀምር ግን መሮጡ ቀረና መግዛት ጀመረ። ምናልባት መስመሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ ለሯጭ ሰው ይከብደዋል። ምናልባት ሰበብ እየፈለግኩለት ነው። እየፈለግኩለት ነው፣ አዎ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ የኤቨርተን ቡድን አማካይ ላይ ሁለት ሊ ነበሩ። ሌላኛው ሊ ካርስሊ ነው፣ ያ ራሰ በራው። እሱም ብዙ የማይወራለት፣ ቆሻሻውን ሥራ የሚሠራ ተጫዋች። በ2024 መኸር ካርስሊ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጊዜያዊ አሰልጣኝ ነበር፣ ኅዳር ላይ አየርላንድን 5 ለ 0 አሸንፎ ጨረሰ። ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 13፣ ሁቤይ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ሊ ቲዬን 20 ዓመት ፈረደበት። በሚቀጥለው ወር ሞይስ ወደ ኤቨርተን ተመለሰ። ሊ ይግባኝ አለ፣ በሚያዝያ 2025 ውድቅ ሆነ።

የተፈረደበት ቀን አንድ የድሮ የሰፈር ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ዜናውን ላከልኝ። ከሥሩ «ሊ፣ ሃያ ዓመት ገባህ፣ ስንቅ እናምጣልህ?» ብሏል። ብቻዬን ሳቅኩ። ዜናውን ከፍቼ አነበብኩ፣ ከዚያ ስልኩን አስቀመጥኩ። እስካሁን አልመለስኩለትም። ባለፈው ለቅሶ ሰፈር ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ አንድ ሽማግሌ «ሊ! መጣህ?» አሉኝ። አቤት አልኳቸው።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።