«ግንዛቤ ማነስ» ብለን ከመጻፋችን በፊት፦ ማኅበራዊ ሳይንስ የጤና ችግርን እንዴት ይመረምራል?

(ስክሪን፦ ግማሹ የቀረ የክኒን ማሸጊያ)

የደም ግፊት እንዳለበት የተነገረው ሰው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት ወር ይወስዳል፣ በሦስተኛው ያቋርጣል። የክትትል ቀጠሮውም ያልፋል። ሪፖርት ሲጻፍ ምክንያቱ በአንድ መስመር ይታለፋል፦ «የግንዛቤ ማነስ»። መፍትሔውም ተከትሎ ይመጣል፦ ፖስተር፣ በራሪ ወረቀት፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና።

ብዙ ጊዜ ይህ ምክንያት ተገምቶ የተጻፈ እንጂ ተጠንቶ የተገኘ አይደለም። እስቲ ሰውየውን ቀረብ ብለን እንየው።

(ስክሪን፦ የጭነት መኪና ጋቢና)

ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ነው እንበል። የታዘዘለት ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ነው፤ ጠዋት እንዲውጠው ተነግሮታል። ከዋጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ደጋግሞ መውረድ ይኖርበታል። መንገዱ ላይ መጸዳጃ የለም፣ ጭነቱም በሰዓቱ መድረስ አለበት። የደም ግፊት ደግሞ በአብዛኛው ምልክት የለውም። ባይውጠው ዛሬ የሚሰማው ነገር የለም፤ ቢውጠው ግን ዛሬውኑ ሥራው ይስተጓጎላል። ስለዚህ በሥራ ቀን ይዘለዋል። ስለ በሽታው በሚገባ ያውቃል፤ ያጣው ከሥራው ጋር የሚሄድ መድኃኒት ወይም የመዋጫ ሰዓት ነው። ሐኪሙ «ውሎዎ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ሌላ አማራጭ ሊያስብለት ይችል ነበር።

የማኅበራዊ ሳይንስ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂና ኢኮኖሚክስ መሣሪያቸው ይለያይ እንጂ ጤና ላይ ሲገናኙ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ ሰውየው ባለበት ኑሮ ውስጥ ይህ ምርጫ ለምን የሚያዋጣ ሆኖ ታየው?

(ስክሪን፦ የወረፋ ወንበሮች፣ ጥቂቶቹ ባዶ)

መልሱን ለማግኘት ማንን እንጠይቅ? ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ክሊኒክ ወረፋ ላይ ያገኘነውን ሰው ብንጠይቅ፣ የምናነጋግረው ያላቋረጡትን ነው። ያቋረጡት እዚያ የሉም። ስለዚህ ከቀጠሮ መዝገቡ የቀሩትን ስም ማውጣት፣ ፈቃዳቸውን መጠየቅና ባሉበት ሄዶ ማነጋገር ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ግን ይህ ካልተደረገ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ አጠያየቁ አለ። «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ሲባል፣ ያውም ጠያቂው ነጭ ጋውን ከለበሰ፣ ሰው «አዎ» ይላል። እያታለለ አይደለም፤ ጠያቂውን ማሳዘን ወይም መወቀስ ስላልፈለገ ነው። የተሻለው እንዲህ ነው፦ «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን መድኃኒት ያመልጠዋል። እርስዎን ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን አመለጠዎት?» መግቢያው ኀፍረትን ያቀላል፣ አጭር ጊዜ ለማስታወስ ይመቻል፣ መልሱም ቁጥር ነው። ጠያቂው ከሕክምና ቡድኑ ውጭ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ቃል ብቻውን ግን አይበቃም። 30 ክኒን የወሰደ ሰው፣ በቀን አንድ የታዘዘለት ከሆነ፣ በ30ኛው ቀን 12 ይዞ ከተመለሰ የ12 ቀኑ አልተዋጠም ማለት ነው። የተረፈውን ጥሎ የሚመጣም ስላለ፣ ከፋርማሲ መድኃኒት የተወሰደባቸው ቀናት አብረው ይታያሉ። ሦስቱ ሲጣጣሙ መረጃው ይታመናል፤ ሲጋጩ ደግሞ ግጭቱ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው።

የቡድን ውይይት ከተደረገ ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። አለቃና ሠራተኛን፣ አማትና ምራትን አንድ ላይ ማስቀመጥ ግን ውይይቱን ይገድለዋል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አንገቱን ይነቀንቃል።

(ስክሪን፦ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ የሥራ እርከን)

ጉዳዩ ከግለሰብ ልማድም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት ወደ 18,000 የሚጠጉ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታተለ። ሁሉም ቋሚ ሥራ ነበራቸው። ሆኖም በልብ በሽታ የመሞት ዕድል የሥራ እርከኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ከፍ እያለ ሄደ። ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል ታስበውም የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ሳይብራራ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት ሴቶችንም አካትቶ አንዱን መልስ አሳየ፦ ሰው በራሱ ሥራ ላይ ያለው የመወሰን ሥልጣን ከልብ ጤናው ጋር ይያያዛል።

(ስክሪን፦ የምዕራብ አፍሪካ ካርታ፣ ጊኒ፣ ላይቤሪያ፣ ሴራሊዮን)

እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በዘለቀው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ11,300 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኢቦላ የሞተ ሰው አስከሬን እጅግ ተላላፊ ነው፤ ማጠብና መንካት በሽታውን ያዛምታል። «አትንኩ» የሚለው መልእክት ተሰምቶ ነበር። ቤተሰብን አርቀው የሚቀብሩ ቡድኖች ሲመጡ ግን ሰዉ ሬሳ ይደብቅ፣ በሌሊት ይቀብር ጀመር። ለእርሱ ወገኑን ያለ ሥርዓት መቅበር ከበሽታው የማይተናነስ ክፉ ነገር ነበር። አንትሮፖሎጂስቶች ከቤተሰብና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋገሩ፤ ምክራቸውም ተሰማ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ ቤተሰብ ጸሎት እንዲያደርስ፣ ቀብሩን እንዲመለከት፣ ለሙስሊሞችም በውኃ ማጠቡ ቀርቶ ተየሙም (ያለ ውኃ፣ በንጹሕ አፈር የሚደረግ መንጻት) እንዲደረግ ቦታ ሰጠ። ቫይረሱ ያው ነው፤ የተለወጠው የቀብሩ አፈጻጸም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ድህነት ያሳምማል፤ ሕመምም ያደኸያል። የቱ እንደቀደመ ለማየት እነዚያኑ ሰዎች ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል።

(ስክሪን፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የቀጠሮ መዝገቦች)

መፍትሔም ቢሆን ይፈተናል። ተመሳሳይ ከሆኑ ክሊኒኮች ግማሾቹ በዕጣ ተመርጠው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይስጡ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላም ይክፈቱ፤ የቀሩት እንደነበሩ ይቀጥሉ። ከስድስት ወር በኋላ የሚነጻጸረው የታካሚዎች የደም ግፊት ልኬትና መድኃኒት የወሰዱባቸው ቀናት ናቸው፤ «አገልግሎቱ ተመችቶዎታል?» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ስሌቱ ውስጥ ሲጀመር የተመዘገቡት ሁሉ ይገባሉ፣ መሀል ላይ የጠፉትም ጭምር።