አንዱ ሲያወራ ሌሎቻችን ምን እንሥራ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ከሰው ጋር ሆነን የምንጫወታቸው ረጃጅም የታሪክ ጌሞች አሉ አይደል? አርፒጂ የምንላቸው። እነሱ ውስጥ ንግግር ሲመጣ ቡድኑ ምን ይሆናል የሚለው ነገር ሰሞኑን አእምሮዬን ይዞታል።

ውጊያ ላይ ችግር የለም። አራት ከሆናችሁ አራታችሁም ሥራ አላችሁ። አንዱ ፊት ቆሞ ይመክታል፣ አንዷ ከሩቅ ቀስት ትለቃለች፣ አንዱ የቆሰለውን ያነሳል፣ አንዷ ተደብቃ ከኋላ ትመጣለች። ተራችሁ ሲደርስ ሁሉም እናንተን ነው የሚጠብቀው። ውጊያው አለቀ እንበል። የመንደሩ አለቃ ሊያናግራችሁ መጣ። አራት የነበረው ቡድን ወዲያው አንድ ሰው ይሆናል። አንዱ ያወራል፤ ሦስቱ ቆመው ያያሉ።

ይሄ ያሳዝነኛል። እኔ እነዚህን ጌሞች የምወዳቸው ከሁሉ በላይ ለንግግሩ ነው። ማንን እንመን? ይሄን እስረኛ እንፍታው ወይስ እንተወው? እውነት የሚናገረው የትኛው ነው? ከጓደኞቼ ጋር መከራከር የምፈልገው በዚህ ነው። ማን ስንት ጠላት ጣለ የሚለው በማግስቱ ይረሳል።

ባልደርስ ጌት 3ን ልውሰድ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሠራው ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ያለው ላሪያን ስቱዲዮስ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 2023 ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እስከ አራት ሰው አብሮ ይጫወተዋል። ንግግሩን የጀመረው ሰው መልስ ይመርጣል። ሌሎቹ ገብተው ማዳመጥ ይችላሉ፤ የወደዱትን መልስ ሲነኩ ምልክታቸው አጠገቡ ይታያል። የመጨረሻው ቃል ግን የጀማሪው ነው። ማዳመጥ ያልፈለገ ደግሞ ወዲያ ሄዶ ሳጥን ሲከፍት ይቆያል።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። ጌሙ የሚሄደው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ሕግ ነው። ሰው ማሳመን፣ መዋሸት፣ ማስፈራራት ሲፈልጉ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ በላዩ ላይ ከካሪዝማ፣ ማለትም ከካራክተሩ ሰውን የመማረክ አቅም፣ የሚመጣ ነጥብ ይደመራል። ሦስቱም የሚደገፉት በካሪዝማ ነው። ባርድ፣ ፓላዲን፣ ሶርሰረር፣ ዋርሎክ ከሚባሉት የካራክተር ዓይነቶች አንዱን የያዘ ሰው ካሪዝማው ከፍ ይላል። ጎራዴ የሚያወዛውዘው ወይም መጽሐፍ የሚያገላብጠው ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ገና ከመጀመሪያው ይስማማል፦ «አንተ አናግርልን፣ ያንተ ቁጥር ይሻላል።» ስሌቱ ልክ ነው። ግን ባርዱን የያዘው ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ሲያወራ ይከርማል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ጸሐፊዎቹ ለድሩይድ (የጫካና የተፈጥሮ አስማተኛ ነው) ብቻ፣ ለዊዛርድ ብቻ፣ ለድዋርፍ ብቻ የሚሆኑ መልሶች ጽፈዋል። ደስ የሚሉ መልሶች ናቸው። የሚታዩት ግን የሚያወራው ያ ካራክተር ከሆነ ብቻ ነው። ጫካው ውስጥ የድሩይዶች ጉዳይ ተነስቶ፣ ድሩይዷ እዚያው አጠገብ ቆማ፣ ባርዱ ስለማያውቀው ነገር ይመልሳል። መሀል ላይ «ቆይ፣ ይሄን እሷ ትመልስ» ማለት አይቻልም። ንግግሩን መዝጋትና፣ ሰውየው እንደገና ለማውራት ፈቃደኛ ከሆነ፣ በእሷ እንደ አዲስ መጀመር ነው። አራታችሁም ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ ቡድኑ ሞልቷል። ጌሙ ራሱ ያዘጋጃቸው የጉዞ ጓደኞች፣ እነ ካርላክና አስታሪየን፣ ካምፕ ውስጥ ይቀራሉ። በመንገድ ላይ ጣልቃ እየገቡ የሚያሟሙቁትም እነሱ ነበሩ።

ይሄ ጨዋታ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በ1974 ሲያወጡት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ነበር የሚጫወቱት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ታሪኩን የሚመራው ሰው ዞር ብሎ ዝም ያለውን ተጫዋች ያያል። «አንተስ? ይሄን ስትሰማ ምን አልክ?» ይላል። ኮምፒውተሩ ብዙ ነገር ወርሷል፤ ዳይሱን፣ ጭራቆቹን፣ ድግምቱን። ይቺን ጥያቄ ግን አልወረሰም። የ1998ቱ የመጀመሪያው ባልደርስ ጌት ስድስት ሰው አብሮ ያጫውት ነበር። ጌሙን የከፈተው ሰው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ንግግር የመጀመር ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። የንግግር ነገር በፈቃድ መዝገብ ላይ የሚበራና የሚጠፋ ነገር ነበር ማለት ነው።

መፍትሔ የሞከሩ አሉ፤ እኔን በጣም የሚማርኩኝም እነሱ ናቸው። ባዮዌር በ2011 መጨረሻ ያወጣው ስታር ዋርስ፦ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ አለ። እዚያ ቡድን ሆናችሁ ስታወሩ ሁሉም የየራሱን መልስ ይመርጣል። ጌሙ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይጥላል፤ ትልቁ የወጣለት ይናገራል። አንዱ በትሕትና ከመለሰ በኋላ ሌላው በቁጣ ሊቀጥል ይችላል። ንግግሩ አንዳንዴ ወጥነት ያጣል፤ እሱ እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ ሰው «እኔ ብሆን ምን እላለሁ?» ብሎ ለማሰብ ይገደዳል። ደግነት ከመረጣችሁ፣ ዕጣው ለጨካኙ ቢወጣም እንኳ፣ የደግነቱ ነጥብ የእናንተ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቡድኑ ያደረገው ሌላ፣ እናንተ የፈለጋችሁት ሌላ፤ ጌሙም ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። ከድምፅ ብልጫ የምመርጠው ለዚህ ነው። በድምፅ ብልጫ ሦስቱ አንድ ሐሳብ ከያዙ አራተኛው ምን እንዳሰበ የትም አይመዘገብም።

ላሪያንም ራሱ ከዚህ በፊት ደፋር ነገር ሠርቷል። በ2014ቱ ዲቪኒቲ፦ ኦሪጅናል ሲን ሁለቱ ዋና ካራክተሮች እርስ በርስ ይከራከራሉ። ሁለት ሰው ከያዛቸው አንዱ እንርዳው ይላል፣ ሌላዋ ይቅርብን ትላለች። ካልተስማሙ በድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ይለይላቸዋል። የመረጡት አቋም ደግሞ የካራክተራቸውን ጠባይ ይቀርጻል። የመለያው መንገድ ቀላል ነው፤ እኔን ደስ የሚለኝ ክርክሩ ራሱ የታሪኩ አካል መሆኑ ነው።

በ2017ቱ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ነገሩን አከረሩት። ፎርት ጆይ የሚባል እስር ቤት ደሴት ላይ ስቲንግቴይል የሚባል እንሽላሊት አለ። ሬድ ፕሪንስ የሚባለውን ካራክተር የያዘ ተጫዋች ስለ ሕልም ሊያናግረው ይፈልጋል። ሰቢል የምትባለውን የያዘችው ደግሞ ከባርነት ዘመኗ የቆየ ቂም አላት፤ ልትገድለው ትፈልጋለች። ሁለቱ አንድ ቡድን ናቸው። ማን ቀድሞ ያናግረዋል? ሌላው ሲያወራ ሦስተኛው አጠገብ ቆሞ ይሰማል ወይስ አይሰማም? እዚህ ጋ ማንም ሳጥን ሊከፍት አይሄድም። ሁሉም ጆሮውን ያቆማል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ አለው።

ይሄን ሳስብ የሽማግሌ መላክ ነው ትዝ የሚለኝ። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ዋናው ተናጋሪ አንድ ነው። ሌሎቹ ግን ቁጥር ለማሟላት አልተመረጡም። አንዱ የልጅቱን ዘመዶች ያውቃል። አንዱ ቄስ ነው፣ ቃሉ ይከበራል። አንዱ ነገር ሲከር ቁጣ ማብረድ ይችልበታል። ተናጋሪው ቃል ያጠረው እንደሆነ ሌላው «ፈቃዳችሁ ከሆነ…» ብሎ ቃሉን ይቀበላል። ከጌም የምፈልገው ይሄንን ነው። ተናጋሪ ይኑር፤ ሌሎቹም የመጡበት ምክንያት ይኑራቸው።

ወደዚህ የተጠጋ አንድ ጌም አለ። ሶላስታ ይባላል፤ ታክቲካል አድቬንቸርስ የተባለ የፓሪስ ስቱዲዮ ነው በ2021 ያወጣው። አራቱም የፈጠራችኋቸው ካራክተሮች በንግግሩ ውስጥ ይናገራሉ፤ አነጋገራቸውም እንደሰጣችኋቸው ጠባይ ይለያያል። በ2022 አብሮ መጫወት ተጨመረበት። አጻጻፉ ከላሪያን ጋር አይወዳደርም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የምጫወትበት ቡድን አንዱ እዚህ አዲስ አበባ፣ አንዷ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ፍራንክፈርት ነው ያለው። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ አሜሪካ ገና ምሽት ነው። የጌሙ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዲስኮርድ በሚባለው የድምፅ መገናኛ የምናወራው ግን በአማርኛ ነው። አሜሪካ ያደገችው አንድ ጊዜ አይታ ትጨርሰዋለች። ሌላው ደግሞ የድሮ አነጋገር የበዛበት ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣኑ ጠቅ ካደረገ ቀስ ብሎ የሚያነበው ታሪኩ አመለጠው። አንድ ሁለቴ «ምን አለ?» ይላል። ከዚያ መጠየቁን ይተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጌሙን አልጠላም፤ ከንግግሩ ግን ወጥቷል፤ ማንም ሳያስወጣው።

ስለዚህ እኛ ጋ ተናጋሪው ድምፁን አውጥቶ በአማርኛ ይነግረናል። የሰውየውን ሐሳብ፣ ቁጣውን፣ ማባበሉን፣ ሁሉንም። ከዚያ መልሶቹን ሳናይ እንመልሳለን። እያንዳንዱ ካራክተሩን ሆኖ የሚለውን በአማርኛ ይላል። ክርክር ይነሳል፤ አንዳንዴ እስኪጮህ ድረስ። በመጨረሻ ተናጋሪው ስክሪኑ ላይ ካሉት መልሶች ለተባለው የሚቀርበውን ይመርጣል። ቀርፋፋ ነው፤ የአስር ደቂቃው ንግግር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ግን ከየትኛውም ውጊያ የበለጠ የማስታውሰው እነዚያን ግማሽ ሰዓቶች ነው።

ሌላም ልማድ አለን። የሚያናግረው ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ሳይሆን ጉዳዩ የሚመለከተው ነው። የድሩይድ ነገር ከሆነ ድሩይዷ ትናገር፤ ካሪዝማዋ ዝቅ ብሎ 8 ቢሆንም። ዳይሱ ከከሸፈም እንቀበለዋለን። ሴቭ ወዳደረግንበት ተመልሰን እንደገና መጣል ከጀመርን ማንም ለንግግር አይጓጓም፤ ውጤቱ እስኪወደድ መደገም ብቻ ይሆናል። የከሸፈ ንግግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተሳካው ይልቅ ቡድኑን ያስወራል። «እኔ ልናገር አላልኳችሁም?» የሚለው ሰው አይጠፋም፤ ይሄው ራሱ ወሬ ነው።

ልማድ ግን በሠሪዎቹ ቦታ አይተካም። በባልደርስ ጌት 3 ላይ በኤፕሪል 2025 የወጣው ስምንተኛው ፓች (የጌሙ ማሻሻያ) ፒሲ ያለውና ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ያለው አብረው እንዲጫወቱ አድርጓል። በጣም ጥሩ ነው፤ በመሣሪያ ልዩነት የተለያዩ ጓደኛሞች ተገናኝተውበታል። እንግዲህ ሰዎቹን በአንድ ጌም ካገናኙ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ሁሉንም በአንድ ንግግር ውስጥ ማስገባት ነው። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ሁሉም አንብቤያለሁ ሳይል እንዳይመጣ ማድረግ ከባድ አይመስለኝም። አንድ ብቻ ምረጥ ከተባልኩ ግን ቃል መቀባበልን እመርጣለሁ። ንግግሩ ሳይቋረጥ መሀል ላይ ለጓደኛዬ ላስረክብ፤ ጓደኛዬም በራሷ ካራክተር፣ በራሷ መልሶች ትቀጥል። የመንደሩ አለቃም ሰው መቀየሩን አይቶ ፊቱን ወደ እሷ ያዙር።

እናንተ ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትጫወቱ ማን ነው የሚያወራው? ዝም የሚለውስ ማነው? ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነባቸዋለሁ። ደህና ሁኑ።