ሁለት ሞተር ወይስ አራት?

በዴንቨር ለኢትዮጵያውያን አሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጋራዥ የሚመጡ የሀገሬ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ልገዛ ነው፤ ባለ ሁለት ሞተሩን ልውሰድ ወይስ ባለ አራቱን?» ብዙዎቹ መልሱን ይዘውት ነው የሚመጡት። አራት ከሁለት ይበልጣላ! የምታወጡት ብር ግን ሌሊት ተነድቶ፣ ድርብ ሥራ ተሠርቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራውን ኤሌክትሪክ ፒክአፕ፣ አር ዋን ቲን እንውሰድ። አንዱ መኪና በሁለቱም ዓይነት ስለሚሠራ ለማነጻጸር ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከኢሊኖይ ፋብሪካው መውጣት ሲጀምር የነበረው ባለ አራት ሞተሩ ብቻ ነው፤ 835 የፈረስ ጉልበት። በ2023 ኩባንያው ራሱ በሠራቸው ሞተሮች ባለ ሁለቱን አወጣ። በ2025 ደግሞ አዲሱ ባለ አራት 1,025 የፈረስ ጉልበት ይዞ መጣ።

ሰውን የሚያማልለው ይኼ ቁጥር ነው። የአራት ሞተር ትልቁ ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ተራራ ላይ የድንጋይ መንገድ እየወጣችሁ ነው እንበል። የፊት ግራ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ። ባለ ሁለቱ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሞተር ነው ያለው። ኃይሉ ለግራና ለቀኝ የሚደርሰው በዲፈረንሻል፣ ማለትም የአንዱን ሞተር ኃይል ለሁለት ጎማ በሚያካፍል ማርሽ ነው። ስለዚህ የተንጠለጠለው ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፤ መሬት የረገጠው ዝም ይላል። ያኔ ኮምፒውተሩ የሚሽከረከረውን ጎማ ፍሬን ይይዝበታል። ኃይሉም ወደ ቀኙ ይሻገራል። መኪናው ይወጣል፣ አይቀርም። ግን ትንሽ ይንገጫገጫል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከባትሪው የወጣው ኃይል ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ባለ አራቱ ላይ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው። ግራና ቀኙን የሚያካፍል ዲፈረንሻል አያስፈልገውም። የተንጠለጠለው ጎማ ሞተር ወዲያው ረገብ ይላል። የቀኙ የራሱን ኃይል ይዞ ይገፋል። ሾፌሩ ሳይታወቀው ያልፈዋል። ኩርባ ላይም የውጭውን ጎማ ገፋ፣ የውስጡን ያዝ እያደረገ ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና በቀላሉ ያጥፈዋል። አራት ሞተር ያለው የመርሴዲስ ኤሌክትሪክ ጂ ክላስ ደግሞ የአንድ ጎኑን ጎማዎች ወደፊት፣ የሌላውን ወደኋላ እያዞረ ባለበት ይሽከረከራል። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። የሚያኮራ ምሕንድስና ነው።

ታዲያ እናንተ በዓመት ስንቴ ነው ጎማችሁ አየር ላይ የሚንጠለጠለው? አብዛኞቻችን የምንነዳው በከተማ መንገድ ነው፤ ከኦሮራ ዴንቨር፣ ከዴንቨር ኤርፖርት። «በረዶስ?» ትሉኛላችሁ። ሁለቱም በአራቱም ጎማ ይጎትታሉ። በረዶ ላይ የሚያተርፋችሁ ጥሩ የክረምት ጎማ ነው። እባካችሁ እሱ ላይ አትሰስቱ።

ርቀቱንም እዩት። ትልቁን ባትሪ ሲይዙ ባለ ሁለቱ በአንድ ቻርጅ እስከ 420 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል። አዲሱ ባለ አራት 374 ነው። ተጎታች ስትስቡ ደግሞ ርቀቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ሞተር መጨመር ይህን አያድነውም። ዋጋው? ባለ አራቱ ከ110 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የባለ ሁለቱ መነሻ 70 ሺህ አካባቢ። ባትሪውና ሌላ ሌላውም ስለሚለያይ ልዩነቱ ሁሉ የሞተር አይደለም። ቢሆንም የልጅ የኮሌጅ ክፍያ የሚያግዝ ገንዘብ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ «አገር ቤት ልላክ» የሚሉኝም በዝተዋል። ለእነሱ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። አራት ሞተር ማለት አራቱንም የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስና ሶፍትዌር ማለት ነው። አንዱ ቢበላሽ ማን ይከፍተዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? አምራቹ እዚያ ጋራዥ ከሌለው፣ ከመላካችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡበት። ባለ ሁለትም ቢሆን።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ለአብዛኞቻችን ባለ ሁለት ሞተሩ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ቅዳሜና እሑድ ድንጋይ ለድንጋይ መውጣት የሚወድ ሰው፣ አቅሙም ካለው፣ ባለ አራቱን ይግዛ። ገንዘቡን በትክክል ተጠቅሞበታል።

ልትገዙ ስትሄዱ ባለ ሁለቱን ቀድማችሁ ንዱ። ባለ አራቱን መጀመሪያ ከነዳችሁ፣ በ2.5 ሴኮንድ በሰዓት 60 ማይል ፍጥነት መግባቱ ልባችሁን ይወስደውና ሌላውን ማየት ያስጠላችኋል። ከዚያ የአራት ጎማ መቀየሪያ ዋጋና የኢንሹራንሱን ወርኃዊ ክፍያ ጠይቁ። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ ይህን ሻጩ ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።